ከግድግዳው ማዶ የመጣው ምት

ኳ... ኳ... ኳ...

«እንዳታቆሙ! ቀጥሉ!» አለ ልጅየው ለባንድ ጓደኞቹ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ ድምፅ ሳያወጣ።

ግድግዳውን ከማዶ የምታንኳኳው እናቱ ናት።

ልጅየው የሮክ ባንድ መሪ ነው። እሱ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናል... አንዷ ድራመር፣ አንዱ ቤዝ ተጫዋች። ሦስት ናቸው።

ስቱዲዮአቸው ድሮ የእናትየው መኝታ ቤት ነበር። ልጇ ግድግዳውን በስፖንጅና በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍኖ ወሰደባት። እሷም «ለልጄ ያልሆነ ክፍል ለማን ሊሆን ነው» ብላ ቀጥሎ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባች።

እንደሌላው ሰው ዘፈን አይሠሩም። የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል በር፣ የፍሪጅ ጉርምርምታ... ያገኙትን ቀድተው ሙዚቃ ያደርጉታል። ሙዚቃ ነው አይደለም የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተወው።

አዲሱ አልበማቸው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው። ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀርታ፣ ተጣርታ ተጣርታ ሰሚ ያጣች አሮጊት ታሪክ። ስምንት ዘፈን ነው። ሰባቱ አልቋል፤ ዛሬ የሚቀዳው ስምንተኛው ነው።

እናቱ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር።

«ማናት ሴትዮዋ?»

«ማንም አይደለችም እማዬ... ሐሳብ ናት።»

«እሰይ፣ ሐሳብ ከሆነች ደህና» ብላ ስቃ ሄደች።

ባንዱ የማይጣስ ሕግ አለው...

የቀረጻው ቀይ መብራት ከበራ በር አይከፈትም። ስልክ ይጠፋል። ከውጭ ድምፅ ከገባ ደግሞ አይቆረጥም፤ ገባ በቃ፣ የዘፈኑ አካል ነው።

እናትየው ቀዩ መብራት ሲበራ ሳሏን እንኳ በትራስ የምታፍን ሴት ናት!

ታዲያ ዛሬ ምን ነካት ብሎ የጠየቀ የለም።

ኳ... ኳ... ኳ...

ድራመሯ ፈገግ አለች። ምቱ ከእሷ ከበሮ ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዴም አይስትም።

የልጅየው ልብ በደስታ ዘለለ። እናቱ ዘፈኑ ገብቷት አብራቸው የምትጫወት መሰለው። «እማዬ እኮ ጉድ ናት!» አለ በሆዱ።

ከዚያ ምቱ ቀስ አለ።

እነሱም ተከትለው ቀስ አሉ።

ምቱ ደከመ... ጊታሩንም ከበሮውንም ዝቅ አደረጉት።

ኳ...

ቆየ... ቆየ...

ኳ...

ከዚያ ዝም አለ። እነሱም አብረው ዝም አሉ።

ቀዩ መብራት ሲጠፋ አሥራ አንድ ደቂቃ ሞልቶ ነበር። ሦስቱም ተቃቀፉ። ድራመሯማ አለቀሰች። «እንዲህ ያለ አጨራረስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም!»

ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁለት ጊዜ ሰሙት።

ሁለት ጊዜ!

«ቆይ እማዬን ልጥራት፣ ትስማው» ብሎ ወጣ።

የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሯ ተገልብጧል። የመስኮቱ መስታወት ወለሉ ላይ ተበትኗል። አንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ወድቋል።

እሷ የለችም።

«እማዬ?... እማዬ!»

የውጭው በር ላይ በጥድፊያ የተጫረች ወረቀት ተለጥፋለች። «እናትህን ሆስፒታል ወስጃታለሁ። በርህን ብደበድብ አልሰማህም፤ ብደውልልህ አይገባም። ከላይ ያለሁት ጎረቤትህ።»

እኚህ ጎረቤት ጡረተኛ ናቸው። በጩኸታችሁ አላስተኛ አላችሁኝ እያሉ ስለሚቆጡ ባንዱ «ነጭናጫው» ነው የሚላቸው። ልጅየው ቁጥራቸውን ብሎክ ካደረገ ሦስት ወሩ ነው።

ሆስፒታል ሲደርስ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ደም አርሶታል።

«እንደ ሁልጊዜው ልጮህብህ ነበር የወረድኩት» አሉት። «ደወል ብደውል የሚከፍት የለም። በመስኮት ብመለከት... መሬት ላይ ወድቃለች፤ እጇ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀርቷል። ምን ላድርግ፣ ሰበርኩት።»

በዚህ መሃል ሐኪሙ ከክፍሏ ወጣ።

«ልቧ ነው» አለ ሐኪሙ። «እኚህ ሰው ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርህ። አሁን ግባ፣ ብዙ እንዳታስወራት።»

አልጋዋ ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ... ለምን አልጮህሽም?»

«ድምፄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ግድግዳውን እንደ እብድ ብትደበድቢው እመጣ ነበር እኮ! ምቱን ጠብቀሽ ስትመቺ... የምትጫወቺ መሰለኝ እኮ እማዬ!»

እናቱ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«መብራቱ በርቶ ነበራ። እንዳላበላሽብህ ብዬ... ከምታችሁ ጋር አስማምቼ መታሁት።»

ልጅየው ፊቱን አንሶላው ውስጥ ቀበረ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ጸጉሩን እየዳሰሰች፣ በዚያች በደከመች ድምፅ...

«ተበላሸ እንዴ?»

...

ወገኖቼ...

እናት በሞት አፋፍ ላይ ሆናም ላለማስቸገር ትጠነቀቃለች። ስለዚህ እስክትጮህ አትጠብቋት። «ደህና ነኝ» ስትላችሁም ገብታችሁ እዩዋት። ስለ ተረሳ ሰው ስምንት ዘፈን ከመሥራት በፊት አንድ በር መክፈት ይቀድማል።

እናትየው ዛሬ በሕይወት አለች። ስምንተኛው ዘፈን ግን አልወጣም፣ አልጠፋምም። ድራመሯ «አጥፋው፣ ይህን ሰው ሰምቶ እንዲጨፍርበት አልፈልግም» ትላለች። እናትየው ደግሞ «ያን ያህል ደክሜበት! ይውጣ እንጂ» ትላለች። ልጅየው በመሃል ተቀምጧል... ፋይሉን ለመክፈት እንኳ ድፍረት የለውም።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ዘፈኑን ታወጡታላችሁ ወይስ ታጠፉታላችሁ? ለምን? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ከዚያ በፊት ግን ተነሡና የእናታችሁን በር ክፈቱ።