ራይት የሌለው ዕቃ

የሚስቴ ወንድም ምንያህል በሰው ፊት «አንተ አራተኛ ክፍል የወደቅክ፣ ለልጅህ ምን ታውቅለታለህ?» ካለኝ ሦስት ዓመት አለፈው። እሱ ረስቶት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም። ልጄ ያፌትም ጌም ልጫወት እያለ እሱ ቤት መዋል ካበዛ ቆየ።

በቀደም በያፌት ደብተር ውስጥ የጌም ኮምፒውተር ዕቃዎች ዝርዝር ያለበት ወረቀት አገኘሁ። ከአንዱ በቀር ሁሉም በቀይ ራይት ተደርጎባቸዋል። እኔን አስተማሪዎቼ የነፈጉኝ ራይት! ልጄ ምርጥ ምርጡን ለይቶ ነው ብዬ፣ ወረቀቱንና ያጠራቀምኳትን ብር ይዤ ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ።

«ብሬ ለሁሉም አይበቃም» አልኩት ሻጩን። «የውጭ ሳጥኑ፣ ኬዙ፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም። ግራፊክስ ካርዱ ላይ ግን እንዳትሰስት፤ የልጄ አጎት ቤት ካለው መብለጥ አለበት።»

ሻጩ ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኔ ጽሑፍ ነው። አንድ ልጅ ከአጎቱ ጋር መጥቶ ነበር።»

«እና?»

«ራይት ያደረግኩበትን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ከፍለው ወስደዋል።»

ብሩን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ምንያህል ሲስቅብኝ ታየኝ።

«ራይት የሌለውስ?» አልኩ።

«እሱ ማውሱ ነው። አጎቱ ሊከፍል ሲል ልጁ እጁን ያዘው። ‹እሱን ተወው፣ አባዬ ይገዛልኛል› አለ።»