እንሽላሊቷና አሥር ቁጥሩ

እንሽላሊቷን ወገቧ ላይ በጫማ ማሰሪያ አስሬ ከቃልአብ ግራ ዓይን በስተጎን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አንጠልጥያታለሁ። ትወራጫለች። እሱ ቅንድቡን እንኳ አያነቃንቅም። ከኋላችን የተኮለኮሉት ተጫዋቾች ሳቃቸውን በማሊያ አፍነው ይዘዋል።

አሰልጣኛችን ኮች ገሰሰ አላየኝም። ቁጢጥ ብሎ አፈሩ ላይ ቆርኪና ጠጠር ይደረድራል። ቆርኪው እኛ ነን፤ ጠጠሩ ከቦሌ የመጡት፣ እዚያ ማዶ በተተኮሰ ማሊያ ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁት።

«ልብስ በሰው ልክ ነው የሚሰፋው» ይላል ኮች። «የዛሬውን ማጥቃት በቃልአብ ልክ ነው የምሰፋው። አሥር ቁጥራችን ቃልአብ መሀል። ኳሷ ከሱ ወደ ግራ፣ ለፊሊጶስ። ፊሊጶስ ይዞ ይገባል። አለቀ።»

«እሱ ለኔ መች ሰጥቶ ያውቅና!» ይላል የግራ ክንፋችን ፊሊጶስ። «ሦስት ጨዋታ ሙሉ ባዶ ቦታ ላይ ቆሜ እጄን ሳውለበልብ፣ ሰዉ ታክሲ የማስቆም መስሎታል።»

«ሰምተሃል ቃልአብ? ዛሬ አንዴ ግራህን ብትረሳ አስወጣሃለሁ። ከሜዳው ብቻ አይደለም፣ ከቡድኑ።»

ሳቁ ይቆማል። ከቡድኑ የወጣ ከኮሌጁም ይወጣል፤ ቃልአብን በነፃ የሚያስተምሩት ለእግሩ ብለው ነው።

«እሺ ኮች» ይላል ቃልአብ። እንሽላሊቷ አሁንም ዓይኑ ሥር ትጨፍራለች።

እኔ መሐሪ ነኝ፣ የቡድኑ ትጥቅ ያዥ። ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ሲደመር ሃያ አራተኛ ክፍል ነኝ። ሥራዬ ማሊያ ማጠብ ነው፤ ሙያዬ ግን ሰው ማስደንገጥ። እዚህ ቡድን ውስጥ ያላስደነገጥኩት ቃልአብን ብቻ ነው። ሁልጊዜ የሚቀመጠው አግዳሚ ወንበሩ ግራ ጫፍ ላይ፣ ከኔ የውሃ ሳጥን አጠገብ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ በኩል ምላሴን አውጥቼበታለሁ፣ ቀንድ ሠርቼበታለሁ፣ ቡጢ ሰንዝሬ አፍንጫው ጋ ሳልደርስ መልሻለሁ። ምንም። ጨዋ ልጅ ነው አልኩ። ልቡ ድንጋይ ነው አልኩ።

እንሽላሊቷ ትወዛወዝና አፍንጫውን ወደ ቀኝ ትሻገራለች።

«ኧረ በማርያም!» ቃልአብ ሦስት ሜትር ይዘላል። በኔ አለካክ ሰባት ነው። ቆርኪና ጠጠሩ ይበተናል። ተጫዋቾቹ መሬት ላይ ተንከባለው ይስቃሉ።

እኔ ግን እንሽላሊቷን ዝቅ አደርጋለሁ። ግራ ዓይኑን ፊት ለፊት አየዋለሁ። ጥርት ያለ፣ ቆንጆ ዓይን ነው፤ መብራቱ በርቶ ሰው ያልገባበት ኮንዶሚኒየም ይመስላል።

ኮች እየተሳደበ ቆርኪውን ሲለቅም ቃልአብ ዞሮ ይጠጋኛል።

«አወቅህ አይደል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምስተኛ ክፍል። ወንጭፍ ነው።»

«ሐኪሙ አልመረመረህም እንዴ?»

«የዓይን ምርመራውን ሰንጠረዥ በቃሌ አጥንቼ ነው የገባሁት። ጋሼ፣ በእናትህ።»

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ለሰው ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ሦስት ጨዋታ ሙሉ ፊሊጶስ እጁን ያውለበለበው ለጨለማ ነው።

«ኮች!» እላለሁ። «ቃልአብን ከመሀል አውጣና ግራ መስመር ላይ አቁመው። ፊሊጶስን መሀል አስገባ።»

«አንተ ማሊያህን እጠብ።»

«ድሬዳዋ ሳለሁ እንዲህ ያለ አሥር ቁጥር ነበር። መስመር ላይ ቢያቆሙት በአንድ ከሰዓት አሥራ ሁለት ጎል አገባ። አሥራ ሦስተኛው ሲመጣ በረኛው የጎሉን ብረት ነቅሎ፣ ተሸክሞ ቤቱ ገባ።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ በዚያ ዘመን ጅማ ነበርኩ ብለኸኛል።»

«ጠዋት ጅማ፣ ከሰዓት ድሬዳዋ።»

ይስቃሉ። ቃልአብ ግን አይስቅም፤ አፈሩን ያያል። እኔም ቁጢጥ እልና አንዷን ቆርኪ አነሳለሁ።

«እየው ኮች። መሀል ሲቆም በግራም በቀኝም ይመጡበታል። እዚህ ጠርዝ ላይ ካደረግከው ግን በግራው ማንም የለም። የኖራ መስመር ብቻ ነው። ሜዳው በሙሉ፣ ፊሊጶስም፣ ጎሉም በቀኙ ነው። ልኩ ይሄ ነው። በእናቴ ልኩ ይሄ ነው።»

ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው ይሆንብኛል። ኮች እኔን ያያል። ከዚያ ቃልአብን ያያል፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ይቆያል። ምንም ሳይጠይቅ ቆርኪዋን ከእጄ ወስዶ ጠርዙ ላይ ያኖራትና በአውራ ጣቱ አፈሩ ውስጥ ይጫናታል።

ፊሽካ ይነፋል። የውሃ ሳጥኔን ተሸክሜ ግራ መስመር ሥር እቀመጣለሁ።

በአራተኛው ደቂቃ ኳሷ ቃልአብ ዘንድ ትደርሳለች። ቀና ይላል። አንዴ ብቻ ያይና በሁለት ተከላካዮች መሀል ይልካታል፤ ፊሊጶስ እግር ሥር ሄዳ እንደ ድመት ትተኛለች።

ፊሊጶስ ደንግጦ ይቆማል። ኳሷን ያያል፣ ቃልአብን ያያል። «ለኔ?» ይላል ጮክ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

የቦሌው ተከላካይ ነጥቆት ይሄዳል። ኮች ጭንቅላቱን ይይዛል። ቃልአብ ከኔ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ከት ብሎ ይስቃል።

በርታ ልለው ከግራው እጄን አነሳለሁ። እጄ አየር ላይ ብቻዋን ትቀራለች። አወርዳታለሁ።

«እዚህ ነኝ» እለዋለሁ፣ በአፌ።

ሳይዞር በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል።