ወደ ግራ የተጠማዘዘ ሽቦ

አባቴ የወተት ጣሳውን ወደ ሞተሩ አየር በሚገፋው ቱርቦ አፍ ላይ ገጥሞ በካቻቪቴ ያጠብቃል። እኔ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀትር ላይ ወንድሜ ጎታች መኪና ይዞ ይመጣል፤ እስከዚያ የአሮጌዋ ፒክአፓችን ጉልበት የት እንደሚፈስ ካላገኘን ለብረታ ብረት ገዢ ትሰጣለች። ቃል የገባው ራሱ አባቴ ነው። ቃል በማጠፍ ደግሞ አይታማም፤ የኔም ጭንቀት እሱ ነው።

ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትተፋለች እንጂ አትሄድም። ጠዋት ከምሠራበት ጋራዥ የተዋስኩትን የግፊት መለኪያ ገጠምኩባት፤ መርፌው ከግማሽ አላልፍም አለ። አባቴ መለኪያውን በጎሪጥ አይቶ፣ ይሄ መሣሪያሽ እንደ ጎረቤታችን ነው፣ ነገር እንዳለ ይነግርሽና የት እንዳለ አይነግርሽም አለኝ።

ጣሳው የራሱ ፈጠራ ነው። ታቹን በስቶ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ገጥሞበታል፤ በዚያ በኩል አየር ሲገባ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለው ቧንቧ ሁሉ ይነፋል፣ ቀዳዳ ካለ ሲተነፍስ ይሰማል። የዚህን ጣሳ ወተት ጠጥተሽ ነው ያደግሽው ይለኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ልጄ ከጡቴ ሌላ አታውቅም፣ ጣሳውን ከጎረቤት ለምኖ ነው ያመጣው እያለች ታስቀው ነበር። አሁን የሚከራከረው ሰው የለም። እኔም አልሞክረውም።

አየሩን እለቃለሁ። ድሮ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ይልና፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "እዚህ ጋ" ይል ነበር። ይህን ለማየት የሌላ ጋራዥ መካኒኮች ሥራቸውን ጥለው ይመጡ ነበር። አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል። ይቆያል፣ በጣም ይቆያል። ከዚያ ይገልጥና ወደ እኔ ያያል።

"እስቲ ጆሮሽን አውሺኝ" ይላል።

ጎንበስ እላለሁ። ሽውታው ከታች ነው፣ ከሞተሩ ጀርባ፣ የእጅ ባትሪ ካላበሩ በማይታይ ጥብብ ያለ ቦታ። በአባቴ አሮጌ የጢም ብሩሽ የሳሙና አረፋ እየቀባሁ እከተለዋለሁ። አንዱ የጎማ ቱቦ ላይ አረፋው ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ያብጣል። ከሥሩ የካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ ተጠምጥሟል፤ በላዩ ሽቦ ታስሮበታል። ሽቦው የተጠማዘዘው ወደ ግራ ነው።

አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዳገት መሐል ቆመን ቀርተናል። እናቴ ስለ መኪና አንዲት ነገር ሳታውቅ በመስኮት ብቅ ብላ ትእዛዝ ትሰጠናለች። የአባቴ መዳፍ አካፋ ያክል ስለነበር እዚያ ጥበት ውስጥ አልገባ አለ። ጃኬቱን ሞተሩ ላይ አንጥፎ በደረቴ አስተኛኝና ሽቦውን ሰጠኝ። ግራኝ ነኝና ወደ ግራ ጠመዘዝኩት። ነገ በአዲስ እቀይረዋለሁ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ "ጣቴ" ነው የሚለኝ።

"አባዬ፣ እስከ ዛሬ አልቀየርከውም?"

"ይዞ ነበር እኮ፣ ጣቴ። የያዘ ነገር ምን ይነካል?"

ሃያ ስድስት ዓመት። ለደንበኛ ቢሆን እንዲህ ያለ ጥገና አንድ ቀን አያሳድርም ነበር።

አዲስ ቱቦ ከሥራ ቦታ ይዣለሁ፤ መጀመሪያ ግን አሮጌው መውጣት አለበት። እጄን እሰዳለሁ። አንጓዬ ላይ ሲደርስ ይቀረቀራል። አዙሬ እሞክራለሁ፣ ቆዳዬን ልጬ እመለሳለሁ። ያኔ እንደ አይጥ ሽሉክ ያልኩበት ቦታ ዛሬ አላስገባም ይለኛል።

"ዞር በይ" ይላል አባቴ።

እንደማይገባ ልነግረው አፌን ስከፍት እጅጌውን ይሰበስባል። እጁ አንጓው ላይ አይቆምም። ግራና ቀኝ ሳይነካው፣ ቦታ ተርፎት፣ እስከ ክርኑ ይገባል። ሁለታችንም እናየዋለን። ያ መዳፍ መቼ እንዲህ እንዳለቀ አላውቅም። በየሳምንቱ እየመጣሁ ስጨብጠው ኖሬ አላየሁትም።

ሽቦውን እንዲቆርጥበት ፒንሳ አቀብለዋለሁ። አይቀበለኝም።

በሩ ላይ የወንድሜ መኪና ጥሩንባ ይነፋል፤ አንዴ፣ ከዚያም ደጋግሞ። አባቴ አይሰማውም፣ እኔም አልነግረውም። ባትሪውን አበራለታለሁ፤ እሱ ጉንጩን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ሽቦውን እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ በቀጫጭን ጣቶቹ ዙር በዙር ወደ ቀኝ ይፈታዋል።