ማን አወጣቸው?

«አዲስ ፕሮጀክት» የሚለውን ደግማ ትጫነዋለች። አሁንም ባዶ መስኮት ይከፈትላታል። አዲስ ሥራ ስትጀምር ከላይ እስከ ታች ተደርድረው የሚጠብቋት ቴምፕሌቶች፣ እነዚያ የፕሮጀክት መነሻ ንድፎች፣ አንድም የሉም።

«እሺ፣ ይሁን፣» ትላለች ለራሷ። አንድ የቆየ ፕሮጀክት ትከፍትና ቢልድ እንዲያደርግ ታዘዋለች። ማሽኑ ትንሽ ያስብና በቀይ ይመልስላታል፦ የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ አልተገኘም። መሣሪያው የሚቀመጥበትን ፎልደር ፈልጋ ትከፍታለች። ፎልደሩ አለ፣ ውስጡ ግን ምንም የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ፣ እንደገና ጭኖ፣ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ነገሩ ቢያናድድ እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። እሷ ግን ባዶውን ፎልደር ዘግታ እንደገና ትከፍተዋለች። እነዚህን መሣሪያዎች ባለፈው ሳምንት ራሷ ኢንስቶል አድርጋቸዋለች። ወይስ ያደረገች መስሏት ነው? ስትጭን ውጭ ይዘንብ የነበረው ዝናብ ትዝ ይላታል፣ የእግሯ መቀዝቀዝ ትዝ ይላታል። መጫኑ ግን፣ ዘንድሮ ነው ወይስ አምና? እርግጠኛ አይደለችም።

ታላቅ እህቷንም የመርሳት በሽታው እንዲህ ነው የጀመራት። አንድ ምሽት አንዱን ቀሚስ ተኩሳ ሰቀለችው፣ አወረደችና እንደገና ተኮሰችው፣ ሰቅላም ሳትጨርስ መልሳ አወረደችው። ያኔ ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፣ እህትየዋም አብራ ሳቀች። ዛሬ የገዛ ልጇን «የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ አትፈልግሽም?» ትላታለች። እናታቸውም እንዲሁ ሆና ነው ያለፈችው። ሐኪሙ በዘር የሚሄድ ነው ብሏል፣ እሷ ደግሞ እህቷን በጀመራት ዕድሜ ላይ ናት። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚል ሰው ካጋጠማት ሰበብ ፈጥራ ትነሣለች።

«አንተ ቆጣቢው!» ትጣራለች ወደ ጥጉ። «እስቲ አንዴ ና።»

ቆጣቢው የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚጠብቅ እኩያዋ ነው። የሞላ ማሽን ማየት አይወድም፤ በየጠረጴዛው እየዞረ የማይጠቅመውን ሲያጠፋ ይውላል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሆዱን አስቀድሞ ይመጣል።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መስሏል?»

«ቴምፕሌቶቼ የሉም። ቢልድም አያደርግልኝም። ባለፈው ሳምንት የጫንኳቸው መስሎኝ ነበር።»

«ጭነሻል እንጂ! ኮድ በምትጽፊበት ፕሮግራም አዲሱ ቅጂ ላይ ሳይሆን አሮጌው ላይ ነው የጫንሽው፣ አጠገብሽ ነበርኩ እኮ።» ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያያል። «ኧረ ይሄስ የእኔው እጅ ነው! ትናንት ከሰዓት ዲስክሽ ጢም ብሎ ሞልቶ አሮጌውን ቅጂ አወጣሁልሽ። እነሱም አብረው ሄደዋል። ምን ላድርግ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አንቺም ምንም ነገር አትጥይም።»

መጀመሪያ አይገባትም። ቀጥሎ ይገባታል። እሱ ነው! ባለፈው ሳምንት ጭናለች፣ ትናንት እሱ አውጥቷል፣ በቃ። ብድግ ብላ ትከሻውን በቡጢ ትለዋለች። ትስቃለች፣ እንባዋም አብሮ ይመጣል።

«አንተ ደንቆሮ! አንተ የማትረባ! ዕድሜዬን እኮ አሳጠርከው!»

ደስታዋን የት እንደምታደርሰው አታውቅም። ይህን ወፍራም ሰውዬ እዚሁ ሰው ፊት አቅፋ ብትስመው ደስ ይላታል። ዛሬ ምሳውን እሷ ትጋብዘዋለች፣ የፈለገውን ይዘዝ።

«ቆይ ቆይ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል ትከሻውን እያሻሸ። እሱም እየሳቀ ነው። «ሳላስፈቅድ የሰው ማሽን ነክቼ አውቃለሁ?»

«ምን?»

«ጠየቅኩሽ እኮ። እዚህቹ ተቀምጠሽ። አሮጌው ይውጣ ወይ ስልሽ፣ አውጣው፣ አዲሱ ይበቃኛል አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገርሞኝ ነበር። መሣሪያዎቹ አሮጌው ላይ መሆናቸውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ትናንት ከሰዓትን ትፈልጋለች። ከምሳ በኋላ እጇን ስትታጠብ ይታያታል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ማታ ላይ ኮቷን ለብሳ ደረጃውን ስትወርድ ይታያታል። በመካከሉ ያለውን ትፈልጋለች። አንድ ቃል፣ የዚህን ሰውዬ ድምፅ፣ ምንም ይሁን። ምንም አታገኝም። ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ትቀመጣለች።

«አዎ፣» ትላለች። «አዎ፣ ብዬሃለሁ። አሁን ትዝ አለኝ።»

«በይ አታስቢ፣ አሁኑኑ እመልስልሻለሁ። ይሄ ምን ያስለቅሳል?» ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ከግንባሩ ያወርዳል። የሚጫኑትን ነገሮች እየመረጠ በየሳጥኑ ምልክት ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ መሙላት ይጀምራል።

ቢሮው እንደ ወትሮው ነው። አንዱ ስልክ ያወራል፣ አንዷ ወረቀት ታትማለች። እሷ ግን ፈርታለች፤ እህቷን ሐኪም ቤት በወሰደችበት ቀን እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ያኔ የምትፈራው ለሰው ነበር።

ወንበሯን ወደ እሱ ታስጠጋለች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ ነገሩን ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀዋለች።

«ትናንት ሌላስ ምን አልኩህ?»

የቆጣቢው ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ይቆማሉ። «አሁን ትዝ አለኝ አላልሽኝም?» ይላታል።