ከእናትሽ ጋር ነይ

"ተሳስተሻል እህቴ... እኔ ሴት ልጅ የለኝም።"

እማማ አያንቱ ይህን ያሉት የልጅቷን ፊት ሳያዩ ነው።

ሃዋኒ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ጫማዋን የጭልሞ መንደር ጭቃ ውጦታል። በፌስታል ጋቢ ይዛለች፤ ለእናቷ የገዛችው...

ለወለደቻት እናቷ ማለቴ ነው።

ሃዋኒ የጉዲፈቻ ልጅ መሆኗን ድሮም ታውቃለች። አምቦ ያሳደጓት እትዬ ወርቅውሃ አልደበቋትም። ከየት እንደመጣች ግን አልነገሯትም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ባለፈው ጥር ጊንጪ ሰርግ ሄዳ፣ አንዲት ሴትዮ እጇን ለቀም አደረገቻት።

"የጭልሞዋ የአያንቱ ዘመድ ነሽ አይደል? ቁርጥ እሷን!"

በቃ... ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ስትጠይቅ፣ ስታጠያይቅ ክረምቱ ገባ። አንድ ቅዳሜ ለእትዬ ወርቅውሃ "ጓደኛዬ ጋ ነኝ" ብላ ዋሽታ ወጣች።

ለምን ዋሸች? ያሳደገችኝ እናቴ እንዳይከፋት ብላ። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እማማ አያንቱ በሩን ከፍተው አዩአት። ማን እንደሆነች እንኳን አልጠየቁም።

"እናትሽ እዚህ መምጣትሽን ታውቃለች?" አሉ።

"አታውቅም። ለምን ታውቃለች?"

ፊታቸው የጠቆረው ያኔ ነው። ከዚያ ነው "ተሳስተሻል እህቴ" ያሉት።

እህቴ!

አምቦ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ባልቴት እንኳን "ልጄ" ትላታለች። በዚህ አገር ወጣት አይቶ "ልጄ" የማይል አሮጊት አለ እንዴ?

"ኮቱ... ነይ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ግቢ።"

አስገቧት። እርጎ ሰጧት። ጫማዋን ተቀብለው ጭቃውን በጣታቸው ቀስ እያሉ ይፍቁ ጀመር። አንገታቸውን ግን ቀና አላደረጉም።

"እማማ፣ ፍንጭታችንን ይዩት እንጂ! አንድ ነው እኮ!"

እማማ አያንቱ ወደ ጫማው ይበልጥ አጎነበሱ።

"ድሃ ስለነበሩ ነው የሰጡኝ? ይሁን... እኔ ቂም የለኝም። አንዴ ብቻ ልጄ ይበሉኝ።"

ጫማው ጸድቶ አልቋል፣ እሳቸው ግን አሁንም ይፍቃሉ።

"ደግመሽ ስትመጪ..." አሉ በመጨረሻ፣ "ከእናትሽ ጋር ነይ።"

ሃዋኒ ደሟ ፈላ። ጫማውን ከእጃቸው መንጭቃ ተነሳች።

"ደግሜ? እኔ ደግሜ እዚህ ልመጣ? እናቴ አንድ ናት፣ እሷም አምቦ ናት! አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሞተሻል!"

አንቱታውም እዚያው ቀረ።

አሮጊቷ በዝናብ ከኋላ ከኋላ ተከተሏት። ቀረብ ሳይሉ... ራቅ ሳይሉ። አስፋልት ደርሳ ሚኒባስ ስትሳፈር፣ ነጠላቸው በስብሶ ዳር ቆመው ነበር። ሃዋኒ አይታቸዋለች። መስኮቱን አልከፈተችም።

ጋቢውን ይዛ ተመለሰች።

ጥቅምት ላይ ስልኳ ጠራ።

"ሞሲሳ እባላለሁ፣ ከጭልሞ ነው። ቁጥርሽን ጊንጪ ጠይቄ ነው ያገኘሁት... እናታችን አርፋለች።"

"እናታችን" ነው ያላት።

ለቅሶው ላይ ስትደርስ ኦቦ ኤጄታ የሚባሉ ሽማግሌ እጇን ይዘው "ልጄ፣ ተቀመጪ" አሏት። አያችሁ? ባዳው ሰውዬ በአንድ ትንፋሽ አላት።

"የሰጠችሽ በድህነት አይደለም" አሉ። "ወርቅውሃ ያኔ ጊንጪ ትኖር ነበር። የእናትሽ ጓደኛ ነበረች። የወለደቻቸውን ልጆች ሁሉ ቀበረች... አያንቱ የጓደኛዋን እንባ ማየት አልቻለችም። አንቺን ሰጠቻት።"

"ታዲያ ለምን ካደችኝ?"

"ነገ ሁለት እናት እንዳይሻሙብሽ እኛ ሽማግሌዎቹ አስማልናት። 'ልጄ ብዬ የጠራኋት ቀን ሞቷን ያሳየኝ' ብላ ማለች። ይህን መሐላ የሚፈታው አንድ ሰው ነው... አንቺን የተቀበለችው ወርቅውሃ።"

ሞሲሳ ከጎን ሆኖ ጨመረበት። "አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልት ትወርድ ነበር። ስትመለስ 'ዛሬም ከእናቷ ጋር አልመጣችም' ትለኛለች። ሲያማት እንኳን እኔን ትልከኝ ነበር።"

አምቦ ስትገባ እትዬ ወርቅውሃ ጥቁር ልብሷን አይተው ደነገጡ።

"ማን ሞተብሽ ልጄ?"

"አያንቱ።"

እትዬ ወርቅውሃ ያሉበት መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

"ሄደሽ ነበር? አግኝተሻት ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?!"

"እንዳይከፋሽ ብዬ..."

"እኔም እኮ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያላነሳሁት! እስክትጠይቂኝ ነበር የምጠብቀው። እጅሽን ይዤ ወስጄ 'ፈትቼሻለሁ፣ ልጄ በያት' ልላት... አንድ ቃል እኮ ነው ሃዋኒ! አንድ ቃል!"

በማግስቱ እናትና ልጅ አብረው ጭልሞ ሄዱ።

እትዬ ወርቅውሃ መቃብሩ ላይ ተደፍተው "ፈትቼሻለሁ አያንቱ... ልጄ በያት" አሉ። ደጋግመው አሉ።

ሃዋኒ ጋቢውን አፈሩ ላይ አልብሳ ጠበቀች። የምትጠብቀው እንደሌለ እያወቀች ጠበቀች።

ከእናቷ ጋር መጥታለች። ዘግይታ።

ወገኖቼ... "እንዳይከፋት" ብለን የምንውጠው ነገር አንዳንዴ ሌላ ሰው ይገድላል። ያሳደገን ሰው ከጥያቄያችን ይልቅ በድብብቆሻችን ነው የሚጎዳው። ዛሬ ጠይቁ። ዛሬ ንገሩ። የተናገራችሁትን ክፉ ቃል ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ መልሱት።

እስቲ ፍረዱ... ሃዋኒም እትዬ ወርቅውሃም ዝም ያሉት በፍቅር ነው። እማማ አያንቱም ዝም ያሉት በፍቅር ነው። ታዲያ ከሦስቱ ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ?

እናንተ በሃዋኒ ቦታ ብትሆኑ፣ ላሳደገቻችሁ እናት ትነግሩ ነበር ወይስ ትደብቁ ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...