ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ!

"ማን ነው እንዳትቆሚ ያስተማረሽ?"

ጠያቂው የቀበሌው ካድሬ ጓድ አምሐ ነው። ተጠያቂዋ የሰባት ዓመቷ ፀሐይወርቅ...

ልጅቷ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት ጣና ላይ የሚሄድ ታንኳ ታያለች።

እናቷ አገርነሽ በሩ ሥር ቆማለች።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ባሕር ዳር ነው። ያኔ ባንዲራ ሲሰቀል መንገደኛው ሳይቀር ባለበት ቀጥ ይላል።

ያን ጠዋት ግን መዝሙሩ ተጀምሮ ተማሪው ሁሉ ደርቆ ሲቆም፣ ፀሐይወርቅ ጀርባዋን ሰጥታ ቢራቢሮ ታባርራለች። "ቁሚ!" ተባለች። አልቆመችም።

ለእኛ ይሄ ሳቅ ነው... ለአገርነሽ ግን ሞት ነው።

ባሏ አዘዘ ካቻምና "ለአንዳፍታ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከምሳ ገበታ እንደተነሳ ቀርቷል። አሁን እሷም ከሄደች ይቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል?

"ክፍል ውስጥም እንዲሁ ናት ጓድ" አለ መምህር አበራ፣ ላቡን እየጠረገ። "ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ስጠራት አትመልስም። ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ገርፌም አልሆነልኝም።"

ካድሬው ወደ እናትየው ዞረ።

"ቤትስ? ትታዘዝሻለች?"

"አዎ ጓድ... አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም።"

ፈገግ አለ። ፈገግታው ከቁጣው ይብስ ነበር።

"እንግዲያው እያወቀች ነዋ! አንቺን ትሰማለች፣ አብዮቱን ግን ትንቃለች!"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞር ስትል አገርነሽ ድምፅ ሳታወጣ፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ልጅዋን "ይቅርታ በይ" አለቻት።

"ይቅርታ!" አለች ፀሐይወርቅ ጮክ ብላ።

ካድሬው እናትና ልጅን አፈራርቆ አየ...

"በምንድን ነው የተነጋገራችሁት? የምን ምስጢር ነው?"

"ኧረ ምስጢርስ የለኝም ጓድ! ጨርቃ ጨርቅ ነው የምሠራ። ማሽኑ ስለሚጮህ በከንፈርና በእጅ ነው የምንግባባ። ለምዶብኝ እሷንም ፊቷን ይዤ እንዲሁ ነው የማወራት።"

"ለእኔ ዝም ብላ ላንቺ ከመለሰች፣ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ ማለት ነው። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪና ጥሪያት!"

ያኔ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር ምን ማለት እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ...

አገርነሽ በልቧ ድንግል ማርያምን ጠርታ ዞረች።

"ፀሐይ..."

ዝም።

"ፀሐይዬ! ልጄ!"

ዝም።

እንድትመልስላት ትጸልይ ወይስ እንዳትመልስላት... ጠፋት። ደጅ ያለ ሰው እስኪሰማ ጮኸች። "ፀሐይወርቅ!!"

ዝም።

ከኋላዋ የወንበር ድምፅ... ከዚያ የቦት ጫማ ኮቴ...

ጧ!

ሽጉጥ መሰላት። እሪ ብላ ዞረች።

ጓድ አምሐ ከልጅቷ ማጅራት ኋላ ቆሟል። ሁለት እጁን ነበር ያጨበጨበው።

እናትየው ደንግጣለች። መምህሩ ደንግጧል። ልጅቷ ግን ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

"ይቺ ልጅ እኮ..." አለ ካድሬው፣ ድምፁ ወርዶ። "ይቺ ልጅ አትሰማም።"

ክረምት በመጣ ቁጥር ጆሮዋ ይመግል ነበር። ሲያድጉ ይተዋቸዋል ተብሎ ታለፈ። መስማቷ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ማንም ልብ አላለም። ቤት ውስጥ የእናቷን ከንፈር ታነባለች፣ ክፍል ውስጥ ግን የመምህሩ ፊት ሰሌዳው ላይ ነው።

መምህር አበራ የገረፈበትን እጁን ኪሱ ከተተው።

"ሐኪም ቤት ውሰጃት" አለ ጓድ አምሐ፣ ማንንም ሳያይ። "ሂዱ።"

አገርነሽ ልጅዋን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። እሷን ከእስር ያዳናት የልጅዋ ጥሪዋን አለመስማት ነው። በደስታ ታልቅስ በሐዘን... እሷም አታውቀውም።

ወዳጆቼ... "ይሄ ልጅ አያዳምጥም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" ብላችሁ አርጩሜ ከመቁረጣችሁ በፊት፣ አንዴ ከጀርባው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ምናልባት ልጁ የሚያስፈልገው ቁጣ ሳይሆን የፊት ወንበር ነው።

እናንተ በተማራችሁበት ክፍል "ፈዛዛ" እየተባለ ሲገረፍ የኖረ፣ ምናልባት ግን የማይሰማ ልጅ አልነበረም?