«ወላጅ አምጪ» የተባለችው ልጅ ሶፋ ቤት ገባች

«ልጃችሁ እኮ እጃችን ላይ እየጠፋች ነው... እናንተ የት ናችሁ?»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ባልየው አንገቱን ደፋ። ሚስትየዋ አለቀሰች...

ምክትሉ ያፈረች መስሎት ትንሽ ራራላት።

እሷ ግን አፍራ አልነበረም ያለቀሰችው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ «ልጅሽ» ብሎ የተቆጣት ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ባልየው ሶፋ ይሠራል። እሷ እዚያው ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር መጋረጃ ትሰፋለች።

ልጅ የላቸውም። ያልሄዱበት ሐኪም የለም... በመጨረሻ ተዉት።

የባልየው እህቶች ግን አልተዉትም። በመጡ ቁጥር «ወንድማችን ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው» ይላሉ፣ እሷ እየሰማች። እሷም የስፌት መኪናዋን ጠንከር አድርጋ ትረግጣለች... ድምፁ ወሬያቸውን እንዲውጠው።

ያን ዕለት ጠዋት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ በሩ ላይ ቆመች።

ቦርሳዋ ተቀዶ ልታሰፋ የመጣች መሰላቸው።

«እትዬ... ለዛሬ ብቻ ወላጅ ትሆኑልኛላችሁ?»

ባልየው እንደ ልማዱ ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ ነበር። ሊውጠው ምንም አልቀረው።

አረጋግተው ጠየቋት። ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ቶሎ ቶሎ ትቀራለች። ስለዚህ «ወላጅ አምጪ» ተብላለች። ዛሬ ካላመጣች ትባረራለች።

እናትና አባቷ ሞተዋል። የምትኖረው አክስቷ ጋ ነው።

ታዲያ አክስትሽ ለምን አትሄድልሽም ሲሏት መሬት መሬቱን እያየች «አይመቻትም» አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው። ያሳስሩናል» አለ ባል።

ሚስት ግን ጫማዋን እየቀየረች ነበር።

እሱም እያጉረመረመ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። መንገድ ላይ ግን ጥያቄውን አላቆመም... ስንተኛ ክፍል ነሽ? የምትወጂው ትምህርት ምንድን ነው? «አባትሽ ነኝ፣ ሲጠይቁኝ አፌን ልከፍት ነው እንዴ?» ሲላት ልጅቷ ሳቀች።

እናም ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ይሰደባሉ።

ምክትሉ መውለድ ብቻውን ወላጅ እንደማያደርግ አስረዳቸው። ሚስትየዋ እንባዋን እየጠረገች በሙሉ ልቧ ተስማማች።

ይቅርታ ጠየቁ። ከእንግዲህ እንደማትቀር ቃል ገቡ። ምክትሉም ሊምራት ሆነ... ብቻ የከሰሰቻት የክፍል ኃላፊዋ መምህርት መጥታ ትስማማ አለ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ የሴትየዋን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

መምህርቷ የእጇን ጠመኔ እያራገፈች ገባች። ባልና ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ወላጆቿ ናቸዋ» አለ ምክትሉ።

«ምን ወላጅ አላት! እናት አባቷ ሞተዋል። ይህቺ ልጅ በዚህ ምድር ላይ ከእኔ በቀር ማንም...»

መሃል ላይ ቆመች።

ምክትሉ መነጽሩን ከጠረጴዛው አንስቶ አደረገ።

«ከአንቺ በቀር?» አለ ምክትሉ፣ ቀስ ብሎ።

አዎ... አክስትየዋ ራሷ ናት። የሟች እናቷ ታናሽ እህት። ልጅቷም የሴትየዋን ቀሚስ እንደያዘች ሁሉንም ተናገረች።

ማታ ሕፃን ልጇን ታሳዝላታለች፣ ልብስ ታሳጥባታለች። ጠዋት ክፍል ገብታ «ተኛች» ብላ ትከሳታለች።

ሞግዚት ስታጣ ቤት አስቀርታት ትመጣለች። ከዚያ ስም ጠርታ «ቀሪ» ትላታለች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አክስቴ ብትላት ቤቷን እንደማትረግጥ አስጠንቅቃታለች። «ወላጅ አምጪ» ያለቻትም ወላጅ እንደሌላት እያወቀች ነው። ልጅቷ እንድትባረርና ሞግዚት ሆና እንድትቀርላት... ሰው ሲጠይቃትም «እኔ ምን ላድርግ፣ ትምህርት ቤቱ አባረራት» ልትል።

የገዛ እህቷን ልጅ...

ስትጋለጥ እንኳ አላፈረችም። የማበላት እኔ ነኝ አለች። «ይህን ያህል ካሳዘነቻችሁ ውሰዷት» ብላ ፊቷን አዞረች።

«እንወስዳታለን።»

ይህን ያለው እስከዚያች ሰዓት አንገቱን ደፍቶ የነበረው ሶፋ ሠሪ ነው። ሚስቱን እንኳ አላማከረም። እሷ ልጅቷን ክንዷ ሥር ካስገባቻት ቆይታለች።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ፍርድ ቤት መመላለስ ነበር፣ ምስክር መቁጠር ነበር። ምክትሉ ራሱ ቀርቦ መሰከረ። የባልየው እህቶች ደግሞ «ከየት እንደመጣች ለማትታወቅ ልጅ ቤታችሁን ልታወርሱ ነው?» ብለው ተቆጡ። ዘር ዘር ሲሉ የኖሩት እነሱ ናቸው እኮ!

በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ልጅቷ በመሃላቸው እየሄደች፣ ምንም ሳታስብ...

«እማ፣ ውሃ ጠማኝ» አለች።

ሴትየዋ መንገዱ መሃል ላይ ቆመች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ውሃ ነው እኮ የጠየቀችሽ» አለ ባልየው... እሱም በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ።

መምህርቷስ? ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች። በቃ። ዛሬም የሰው ልጅ ፊት ቆማ ታስተምራለች።

ወገኖቼ... ሥጋ ዘመድ መሆን ልጅን ለማሠቃየት ፈቃድ አይሰጥም። ቤታችሁ ያለችው የዘመድ ልጅ ስትማር ነው የምትውለው ወይስ ስታገለግላችሁ? ልጅ ያልወለደችውን ሴት በነገር ከመውጋታችሁ በፊትም፣ የወለዳችኋቸው ሲጠሯችሁ የት እንደነበራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

እናንተ በምክትሉ ቦታ ብትሆኑ ይህችን መምህርት ምን ታደርጓት ነበር... ዝውውር ይበቃታል ትላላችሁ?